መጀመሪያ ሥሩን፦ ቦንሳይ ለጀመራችሁ ልጆች

ውድ ልጆቼ፣

ሠላሳ አንድ ዓመት ችግኝ ሳፈላ ኖሬያለሁ። ጽድ፣ ወይራ፣ ዋንዛ፣ ግራር፣ ኮሶ። ክረምት ሲገባ በመኪና ተጭነው ይሄዳሉ። እኛም መደቡን አጽድተን ለሚቀጥለው ዓመት እንዘጋጃለን። ያኔ ሐሳባችን ሁሉ ችግኙ ቶሎ እንዲረዝም ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ዛሬ ጓሮዬ ሳህን ላይ ካሉት ዛፎች ትልቁ ከክንዴ አይረዝምም። የምሳሳላቸው ግን እንደ ልጅ ነው።

ሰሞኑን እናንተም በሬን ማንኳኳት ጀምራችኋል። ቲክቶክ ላይ ቅጠሏ እንደ ደም የቀላ ትንሽዬ የጃፓን ሜፕል ዛፍ ታያላችሁ። ዘር ታስመጣላችሁ፣ ታበቅላላችሁ፣ ከዚያ ግራ ሲገባችሁ ትመጣላችሁ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ከጣት የማትበልጥ ችግኝ በቡና ሲኒ ተክላ፣ ግንዷን በሽቦ ጠምዝዛ አመጣችልኝ። «ጋሼ፣ ይቺ መቼ ነው ቦንሳይ የምትሆነው?» አለችኝ። በር ላይ ቆሜ በሁለት ቃል የምመልሰው አልሆነልኝም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩላችሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይስተካከል። ቦንሳይ የዛፍ ዓይነት ስም አይደለም። ቃሉ የጃፓን ነው፤ በሳህን ላይ የተተከለ ማለት ነው። ጥበቡ ከቻይና ተነስቶ ጃፓን ገብቶ ረቀቀ። ስለዚህ «የቦንሳይ ዘር» ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ተራ የዛፍ ዘር ነው የሚሸጥላችሁ። ሰማያዊ ቅጠል ያለው ሜፕል እያሉ ፎቶ የሚለጥፉትንም አትመኑ። እንዲህ ያለ ሜፕል የለም። መሬት ላይ ብትተዋት ሜፕሏ ከቤት ጣሪያ በላይ ትሆናለች። ትንሽ የሚያደርጋት የሰው እጅ ነው።

ዘር ከውጭ ስታስመጡ ደግሞ በዕፅዋት ኳራንቲን በኩል፣ ከዘሩ የጤና ምስክር ወረቀት ጋር ይሁን። በኪስ ሸጉጦ ማስገባት በሽታና ተባይ ማስገባት ነው። ይህን እንደ ሽማግሌ ሳይሆን እንደ ባለሙያ ነው የምለው።

የእኔን ዘር የላከችልኝ ዋሽንግተን የምትኖረው የእህቴ ልጅ ናት፣ ወረቀቱን አሟልታ። 40 ፍሬ ነበር። የሜፕል ዘር ክንፍ አለው። ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይንጠለጠላል፤ ሲደርስ ተላቆ እየተሽከረከረ ይወርዳል። ውስጡ ያለችው ፅንስ ግን ተኝታለች። ብርዱ ሳያልፍ እንዳትበቅል ተቆልፎባታል። ቁልፉን የሚከፍተው ራሱ ብርዱ ነው፣ ከእርጥበት ጋር። ዘሩን አንድ ቀን ሙሉ ለብ ባለ ውሃ ዘፈዘፍኩት። ከዚያ ከእርጥብ አሸዋ ጋር ቀላቅዬ፣ በፕላስቲክ አድርጌ፣ ፍሪጅ ውስጥ የአትክልት መሳቢያው ላይ አስቀመጥኩት። 4 ዲግሪ ገደማ ላይ ከ3 እስከ 4 ወር ይፈልጋል። አሸዋው በእጅ ሲጨመቅ ውሃ ጠብ ካለ በዝቷል ማለት ነው። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን አትክፈቱ፤ ቅዝቃዜውን ይዞ ይቆያል። ባለቤቴ 4 ወር ሙሉ ቃሪያዋን ከአሸዋ ጋር አጎራብታ ታገሠችኝ። ከ40ው 17 በቀሉ።

ቀጥሎ ያለውን ረጋ ብላችሁ አንብቡ። ብዙዎቻችሁ የምትስቱት እዚህ ላይ ነው።

ችግኟ ስትወጣ መጀመሪያ የምታዩት ሁለት ረዘም ያሉ፣ ምላስ የመሰሉ ቅጠሎች ናቸው። እንደ መዳፍ ጣት ያወጣው እውነተኛው ቅጠል ከዚያ በኋላ ይመጣል። እሱ ሁለት ጥንድ ሲሆን ችግኟን ከአሸዋው አነሳኋት። ግንዷ አይያዝም፤ በሁለት ጣት የሚያዘው ቅጠሏ ነው። ቅጠል ይተካል፣ ግንድ ግን አንዴ ከተጨፈለቀ አለቀ። ከታች ስትታይ አንድ ዋና ሥር እንደ ነጭ ክር ቀጥ ብሎ ወርዷል። ከጎኑ ፀጉር የመሰሉ ቀጫጭን ሥሮች አሉ። በአዲስ ምላጭ ዋናውን ሥር ከላይ የአንድ ጣት ውፍረት ያህል አስቀርቼ ቆረጥኩት። የጎኖቹን ሥሮች እንደ ጃንጥላ ሽቦ ዙሪያውን ዘርግቼ መልሼ ተከልኳት። ሁለት ሳምንት ነፋስ በማይነካው ጥላ ሥር አቆየኋት።

ችግኝ ጣቢያ የሠራችሁ ይህን ታውቁታላችሁ፤ ሥር ቆረጣ እንለዋለን። እዚያ የምንቆርጠው ሥሩ ፖቱን፣ የችግኙን ፕላስቲክ፣ አልፎ መሬት እንዳይገባ ነው። እዚህ ምክንያቱ ሌላ ነው። ዋናው ሥር ሲቆረጥ የጎኖቹ ይበረታሉ፣ በየአቅጣጫው ይዘረጋሉ። ከዓመታት በኋላ ዛፏን መሬቱን ጨብጣ የቆመች የሚያስመስላት ይህ ነው። ጃፓኖች ኔባሪ ይሉታል። ቃሉን ከመሸምደድ ይልቅ ግን እዚሁ ጎንደር ፋሲል መዋኛ ሂዱ። ግንቡን አቅፈው፣ በድንጋዩ መካከል ሰርስረው የወረዱትን የዛፍ ሥሮች ቆም ብላችሁ እዩ። ጥምቀት ሲሆን ሰው ሁሉ ውሃውን ሲያይ እኔ ዓይኔ ሥሩ ላይ ነው። ለእኔ ከዚያ የተሻለ መማሪያ የለም።

ከሥር ቀጥሎ ግንድ ነው። ግንድ የሚወፍረው ቅጠል ሲበዛ ነው፤ ምግቡን የሚሠራው ቅጠል ነውና። ትንሽ ዕቃ ውስጥ የገባች ችግኝ ሥሯ ቦታ ያጣል፣ ቅጠሏ ይመነምናል፣ ግንዷም እንደ ክብሪት እንጨት ይቀራል። የቡና ሲኒዋን የሚጠብቃት ይኸው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መሬት ላይ ትተከል። ሥሯ ወደ ጎን እንዲሄድ ከታች ጠፍጣፋ ድንጋይ አንጥፉላት። ከዚያ ተዋት። 4 ዓመት፣ 5 ዓመት እንደፈለገች ትደግ። ቁመቷ ከእናንተ ይብለጥ። ጎረቤት «ትንሹ ዛፍ ያላችሁት ይሄ ነው?» ቢል ዝም በሉ።

የግንዷ ውፍረት በቃ ስትሉ ከመሬት አንድ ስንዝር ላይ ትቆርጧታላችሁ። ጊዜው እምቡጡ ማበጥ ሲጀምር ነው። ከቁራጩ በታች አዳዲስ ቡቃያ ይወጣል። አንዱን ትመርጣላችሁ፣ እሱ አዲሱ ጫፍ ይሆናል። ከታች ወፍሮ ወደ ላይ እየቀጠነ የሚሄድ ግንድ የሚገኘው እንዲህ ነው። ነገሩ ልብ ይጠይቃል። ዓመታት ያሳደጋችሁትን ዛፍ በመጋዝ ስትቆርጡ እጃችሁ ይንቀጠቀጣል። የእኔም ተንቀጥቅጧል።

ቅርንጫፍ ላይ የምትደርሱት ከዚህ በኋላ ነው። የሜፕል ቅጠል ጥንድ ጥንድ ሆኖ ፊት ለፊት ነው የሚወጣው። አዲሱ ቡቃያ ሲረዝም ወደ አንድ ጥንድ ቅጠል መልሳችሁ ትገርዛላችሁ። ከዚያች ጥንድ ሁለት ቡቃያ ይወጣል። ሁለቱ አራት ይሆናሉ። ቅርንጫፉ እየረቀቀ፣ ቅጠሉም እያነሰ የሚሄደው በዚህ ነው። ሽቦ ከፈለጋችሁ ለስላሳ የአሉሚኒየም ሽቦ ይሻላል። ሜፕል ቅርፊቷ ስስ ነው፤ በእድገት ወቅት ሽቦ በጥቂት ሳምንት ይሰምጥባታል። አንድ ሐምሌ ለቅሶ ገጥሞኝ ገጠር ሄድኩና ሦስት ሳምንት ቆየሁ። ስመለስ ሽቦው ቅርፊቷ ውስጥ ገብቷል። ቆራርጬ አወጣሁት። ምልክቱ ግን ዛሬም በዙሪያዋ እንደ ገመድ ጠባሳ ይታያል። ባየሁት ቁጥር ይቆጨኛል። እናንተ በየሳምንቱ እዩት።

አፈሩ ላይ የለመድነው ነገር ራሱ ያሳስታል። ችግኝ ጣቢያ 3 እጅ የአካባቢ አፈር፣ 2 እጅ የደን አፈር፣ 1 እጅ አሸዋ እንቀላቅላለን። ለፖት ጥሩ ነው። ጥልቀቱ አራት ጣት በሆነ ሳህን ግን የደቀቀ አፈር ውሃውን ታች ይዞ ይቀራል፤ ሥር ይበሰብሳል። እኔ ቀዳዳ የበዛበትን ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠርና የተፈጨ ሸክላ ነው የምጠቀመው። በወንፊት ነፍቼ ዱቄቱን እጥላለሁ፤ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ያለውን አስቀራለሁ። ጥቂት ብስባሽ ጣል አደርግበታለሁ። ሳህኑን ሸክላ ሠሪዎቹ መንደር ወለቃ ነው የማሠራው። ሸክላ ሠሪዋን «ታች ሁለት ትልልቅ ቀዳዳ አድርጊልኝ» ስላት «ውሃ የማይዝ ዕቃ ምን ያደርግልዎታል?» አለችኝ። አንዷን ዛፍ ወስጄ አሳየኋት። ከዚያ ወዲህ ሳልነግራት ትናንሽ እግር ጨምራበት ትሠራለች። የተሰባበረውን ሸክላም የምወስደው ከእሷ ነው።

አሁን ዘር ሻጩ ያልነገራችሁን ልንገራችሁ። የእኛ ክረምት ዝናብ ነው፤ የሜፕል ክረምት በረዶ ነው። በአገሯ ቅጠሏን አራግፋ ለወራት ትተኛለች። ጊዜው መድረሱን ከብርዱ ሌላ የቀኑ ርዝመትም ይነግራታል። ቶኪዮ ሰኔ ላይ ቀኑ 14 ሰዓት ተኩል ይሆናል፣ ታኅሣሥ ላይ ግን 10 ሰዓት አይሞላም። ጎንደር ላይ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ብትሆንም ሌሊቱ ይቀዘቅዛል እንጂ ውሃ አይረጋም። ዘሩን በፍሪጅ ማታለል ይቻላል። ዛፉን ግን ማን ፍሪጅ ያስገባዋል?

የእኔዎቹ በሦስተኛው ዓመት እንቅልፍ እንዳጣ ሰው ሆኑ። አንዱ ቅርንጫፍ ያረጀ ቅጠል ተሸክሞ ሌላው አዲስ ያወጣል። ጫፋቸው ይደርቃል። ከ17ቱ 12ቱ ሞቱ። የቀሩትን 5 ነቅዬ ውርጭ ወዳለበት ደባርቅ፣ እህቴ ጓሮ ወስጄ ተከልኳቸው። እዚያ ቅጠላቸውን በአንድ ላይ አራገፉ። ግንዳቸው የወፈረውም እዚያ ነው። ዛሬ ያሉኝ ሦስት ናቸው። ሳህን ከገቡ ወዲህ ከእኔ ጋር ይከርሙና ኅዳር ላይ በሚኒባስ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ይሄዳሉ። መጋቢት ላይ ይመለሳሉ።

ይህን ሁሉ የምትችሉ ከሆነ ሜፕል አሳድጉ። ካልሆነ ወይራ አለላችሁ። ያው እናቶቻችን ጋን የሚያጥኑበት ወይራ። ቅጠሉ ትንሽ ነው፣ ድርቅ ይችላል፣ ሲቆረጥ ከታች ያቆጠቁጣል፣ ግንዱ ሲያረጅ ይቋጠራል፣ ይጠማዘዛል። ደቡብ አፍሪካ ያሉ የቦንሳይ ሰዎች ይህንኑ የዱር ወይራ ይወዱታል። ዘሩ ብቻ ጠንካራ ነው። ሥጋውን አጥባችሁ፣ ውስጡን ሳትጎዱ ቅርፊቱን ሰንጠቅ አድርጉትና ዘፍዝፉት። አለዚያ ለወራት ዝም ይላል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ ያው ነው፤ ሥር፣ ግንድ፣ ቅርንጫፍ፣ መጨረሻ ላይ ሳህን። ከደን ወይም ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ያረጀ ወይራ ነቅላችሁ እንዳታመጡብኝ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ዙሪያ ዛፍ የምናየው ሰዎች ስለጠበቁልን ነው። የእኔ ትልቁ ወይራ ከዘር የተነሳ ነው፣ 14 ዓመቱ ነው። ከሜፕሎቹ ሁሉ እሱን አስበልጣለሁ።

ፈጥኖ ገንዘብ የሚያመጣ ሥራ እንዳልሆነ ደግሞ ልደብቃችሁ አልፈልግም። ሥራ ፍለጋ ላይ ያላችሁ አላችሁ፤ አውቃለሁ። ሥር መቁረጥ፣ ማዛወር፣ አፈር መንፋት የለመደ እጅ ግን በየትኛውም ችግኝ ጣቢያ ይፈለጋል።

ለእህቴ ልጅ ሰርግ ዋሽንግተን በሄድኩ ጊዜ የቦንሳይ ሙዚየም ወሰደችኝ። እዚያ አንድ የጃፓን ነጭ ፓይን አለ። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1625 ጀምሮ ሲገራ የኖረ ነው። ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን የቆረቆሩት በ1636 ነው። ዛፉ ከከተማችን በ11 ዓመት ይበልጣል ማለት ነው። በ1945 ሂሮሺማ ላይ ቦምቡ ሲጣል ከ3 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ነበር፤ ግንብ ከለለው፣ ተረፈ። በ1976 ያማኪ የሚባሉ የቦንሳይ ባለሙያ ለአሜሪካ ሰጡት። ከቦምቡ መትረፉ እዚያ የታወቀው ግን በ2001 የልጅ ልጆቻቸው ሊያዩት ሲመጡ ነው። ፊቱ ቆሜ ውሃ ያጠጡትን ሰዎች አሰብኩ። አባት ለልጅ፣ ልጅ ለልጁ። ሳህኑ ውስጥ ያለው አፈር እርጥብ ነበር። ያን ዕለት ጠዋትም አንድ ሰው አጠጥቶታል።

እናንተ ገና 20 ዓመታችሁ ነው። ዛሬ የዘራችሁት ወይራ በእኔ ዕድሜ ስትደርሱ 50 ያልፈዋል። እኔ ዘግይቼ ነው የጀመርኩት፣ ያን አላየውም። የምቀናባችሁ በዚህ ነው።

ለቡና ሲኒዋ ልጅ፦ ሽቦውን ዛሬውኑ ፍቺላት። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ። ከጓሮው ጥግ ፀሐይ የሚያገኘው መደብ ባዶ ነው። ጠፍጣፋ ድንጋዩንም አስቀምጬልሻለሁ።