ከፍሪሲዮን እስከ ካሴት፦ ለጠየቃችሁኝ መልስ

ስለ ትንሽ መኪና አነዳድና ስለ ድሮ ቴፕና ሬድዮ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። "ሁለቱን ምን አገናኛቸው?" ያላችሁም አላችሁ። የኔ ኑሮ ነው ያገናኛቸው፤ ቀን ጋራዥ ነኝ፣ ማታ ደግሞ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ የተፈታ ሬድዮ አይጠፋም። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ ጠቅልያለሁ።

ጋሼ፣ ማኑዋል ሱዙኪ አልቶ ገዛሁ። ስነሳ ወይ ሞተሩ ይጠፋብኛል፣ ወይ መኪናዋ እንደ እንቁራሪት ትዘላለች። ችግሩ እግሬ ነው ወይስ ፍሪሲዮኗ?

አይዞሽ፣ አብዛኛውን ጊዜ እግር ነው። ፍሪሲዮኑ (ክላቹ) ውስጥ ያለውን ልንገርሽ። ከሞተሩ ጋር ሁሌም የሚዞር ቮላኖ የሚባል ከባድ ብረት አለ። ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር የሚዞር ደግሞ ሸራ የለበሰ ዲስክ አለ። ፔዳሉን ስትረግጪ ይለያያሉ፣ ስትለቂ ይጣበቃሉ። አንዱ እየዞረ ሌላው ቆሞ ሳለ ድንገት ካጣበቅሻቸው፣ ወይ የሚዞረው ይቆምና ሞተሩ ይጠፋል፣ ወይ የቆመው ተስፈንጥሮ ይነሳል። ለስላሳ አነሳስ ማለት ሁለቱ እየተንሸራተቱ ፍጥነታቸውን እስኪያስተካክሉ ጊዜ መስጠት ነው።

ብዙ አስተማሪ "ቀስ ብለሽ ልቀቂ" ይላል። እኔ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ከታች አንስቶ ፍሪሲዮኑ እስከሚይዝበት ድረስ ያለው መንገድ ባዶ ነው፤ ፈጠን ብለሽ ብታልፊው ምንም አይልሽም። የሚይዝበት ቦታ ላይ ስትደርሺ ግን ቁሚ። አትልቀቂ፣ አትጫኚም። የሞተሩ ድምፅ ዝቅ ይላል፣ ኮፈኑ ትንሽ ቀና ይላል፣ መሪው ላይ ንዝረት ይመጣል። መኪናዋ መንከባለል ስትጀምርም አትቸኩይ፤ በልብሽ አንድ፣ ሁለት ብለሽ ቁጠሪና የቀረውን ልቀቂ። ሁሉም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መኪናዋ ስትነቃነቅ "በቃ ተነሳች" ብሎ እግሩን ያነሳል፣ እሷም ትዘላለች።

ለልምምድ ደልዳላ ሜዳ ፈልጊ። ነዳጅ ሳትሰጪ፣ በሚኒሞ ብቻ፣ በፍሪሲዮን አንቀሳቅሻት፤ ከዚያ አቁሚ፣ ድገሚ። እግርሽ ቦታውን ሲያውቀው ነዳጁ ቀላል ነው። ወንበርሽንም እይው። ፔዳሉን እስከ ወለሉ ስትረግጪ ጉልበትሽ ትንሽ እንደታጠፈ መቅረት አለበት። ወፍራም ሶል ያለው ጫማ ለጊዜው ይቅርብሽ።

ዳገት ላይ ከኋላዬ ሚኒባስ ተለጥፎ ሲቆም ላብ ያጠምቀኛል። ወደ ኋላ ሳልንሸራተት እንዴት ልነሳ?

በእጅ ፍሬን። የሚያሳፍር ነገር የለውም፣ እኔም እስካሁን እጠቀማለሁ። የእጅ ፍሬኑን ሳብ፣ አንደኛ ማርሽ አስገባ፣ ነዳጅ ትንሽ ስጥ፣ ፍሪሲዮኑን እስኪይዝ አምጣው። ኮፈኑ ቀና ሲል መኪናው ወደ ፊት መሄድ ይፈልጋል፤ የያዘው የእጅ ፍሬኑ ብቻ ነው። ያኔ ልቀቀው።

ዳገት ላይ ከሜዳው የበለጠ ነዳጅ ስጥ። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሌላ ምክንያት ይጨመራል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ናት፣ እንጦጦ ከ3,000 ይበልጣል። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ያጣል። የአልቶ 800 ሞተር ከመነሻው 796 ሲሲ ነው፤ ከዚያ ላይ ሲቀነስ አስበው። ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ አራት ሰው ጭነህ የምትወጣ ከሆነ ሁለተኛ ማርሽ ላይ አትግደርደር፣ ወደ አንደኛ መልስ።

መብራት ላይ ፍሪሲዮን ረግጦ መቆም ይጎዳል?

ለአጭር ጊዜ ምንም አይደል። ረጅም ሰልፍ ከሆነ ግን ማርሹን አውጣና እግርህን አሳርፍ፣ አለበለዚያ የፍሪሲዮኑ ኩሺኔታ (ስትረግጠው እየዞረ የሚጫነው ቀለበት) ያለ ጥቅም ያልቃል። የባሰው ዳገት ላይ መኪናውን በፍሬን ሳይሆን ፍሪሲዮኑን በግማሽ ይዞ ማቆም ነው። እሱ ሸራውን መጥበስ ነው። ሽታው ሲመጣ ታውቀዋለህ።

ሸራው ማለቁን በምን አውቃለሁ?

በአራተኛ ማርሽ እየሄድክ ነዳጅ ጫን በል። ሞተሩ ከጮኸና ፍጥነቱ ካልጨመረ እየተንሸራተተ ነው። ስትረግጠው ብቻ የሚያፏጭ ከሆነ ግን ኩሺኔታውን ጠርጥር።

ፍራንክፈርት ነው ያለሁት። በአውቶማቲክ ልፈተን ወይስ በማኑዋል?

ጀርመን ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መሐል ቤት መንገድ አለ፤ ቢ 197 ይባላል። በአውቶማቲክ ትፈተኛለሽ። ነገር ግን በማኑዋል ቢያንስ 45 ደቂቃ የሚፈጁ 10 ትምህርቶች ወስደሽ አስተማሪው ለ15 ደቂቃ ከፈተነሽ ማኑዋልም መንዳት ይፈቀድልሻል። አገር ቤት መጥተሽ የዘመድ መኪና መያዝሽ አይቀርም፣ ስለዚህ እሱን ውሰጂ።

ልጄ፣ የቆየ ቴፕ አለኝ። መብራቱ ይበራል፣ ሬድዮውም ይሠራል፣ ካሴቱ ግን አይዞርም። ልጣለው?

ኧረ እማማ፣ እንዳይጥሉት! ሞተሩ ሲዞር ድምፁ ከተሰማዎት ችግሩ ቺንጋው፣ ማለትም የሞተሩን ዙር የሚያስተላልፈው የላስቲክ ቀበቶ ነው። ላስቲኩ ዕድሜ ሲጠግብ ይለጠጣል ወይም እንደ ሬንጅ ይቀልጣል። ውስጡ ጥቁር የሚያጣብቅ ነገር ካገኙ እሱ ነው። በአልኮል በደንብ ተጠርጎ በልኩ አዲስ ቺንጋ ይገባለታል። በዚያው ክሩ የሚያልፍበትን፣ ድምፁን የሚያነበውን ሄድና ክሩን የሚጎትተውን ጎማ በጥጥና በአልኮል ያስጠርጓቸው። ካሴት የሚበላ ቴፕ ብዙውን ጊዜ በሽታው ያ የቆሸሸ ጎማ ነው። የሚወዱትን ካሴት ግን መጀመሪያ አይሞክሩበት።

ወንድሜ ከአሜሪካ የሸክላ ማጫወቻ ላከልኝ። በትራንስፎርመር ወደ 110 ቮልት ዝቅ አድርጌ ሰካሁት፤ ዘፋኙ ሁሉ እንቅልፍ የመጣበት ይመስላል።

ይህ ጥያቄ ደስ አለኝ። ቮልቱን አስተካክለሃል፣ ሄርዙን (መብራቱ በሰከንድ ስንቴ እንደሚመላለስ) ግን ትራንስፎርመር አይነካውም። የአሜሪካ መብራት 60 ሄርዝ ነው፣ የኛ 50። የብዙ ድሮ ማጫወቻዎች ሞተር ፍጥነቱን የሚያገኘው ከሄርዙ ነው። ስለዚህ ሸክላህ በአምስት ስድስተኛው ፍጥነት ይዞራል፤ በደቂቃ 33 ከሲሶ ጊዜ መዞር የነበረበት ወደ 28 ይወርዳል። ለአንዳንድ ሞዴሎች የ50 ሄርዝ ፑሊ (ሞተሩ ላይ የሚገጠም መዘውር) ይገኛል። በዲሲ (እንደ ባትሪ ባለ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ) ሞተር የሚሠራ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ አይመጣብህም ነበር።

እውነቱን ንገረን፤ የድሮ ዕቃ ይሻል ነበር ወይስ ወጣትነታችን ነው የናፈቀን?

በድምፅ አይሻልም። የካሴት ክር በሰከንድ 4.76 ሳንቲሜትር ብቻ ነው የሚሄደው፣ ያ የጀርባ ሹሹታ ከየትም አልመጣም። የጀርመን ድምፅ አማርኛ እ.ኤ.አ. በ1965 ከጀመረ ወዲህ በአጭር ሞገድ ስንቱ ጆሮውን ሬድዮ ላይ ለጥፎ ዜና እንደሰማ ታውቃላችሁ፤ ግማሹ ዜና ግማሹ ጩኸት ነበር። የባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ የተዘረዘረ ካሴት በቢክ እስክሪብቶ መጠቅለል፣ ይህን "ደጉ ዘመን" ማለት ይከብደኛል።

የሚሻለው ነገር ግን አለ። ጥቂት ብሎን ፈትተህ ክዳኑን ስታነሳ ምን ምን እንደሚያዞር በዓይንህ ታያለህ። አሁን በሙጫ የታሸገ ስልክ ይዘህ መጥተህ "ጋሼ ይሠራል?" ስትለኝ የማደርገው ይጠፋኛል።

የ1965 ሞዴል ቮልስ ከአባቴ ወርሻለሁ። ፍሪሲዮኑ ጫፍ ላይ ነው የሚይዘው፤ ሬድዮም ላስገባለት እፈልጋለሁ።

የቮልስ ፍሪሲዮን በገመድ ነው የሚሠራው። ካምቢዮው ጎን ገመዱ የሚያልቅበት ቦታ በእጅ የሚዞር ባለ ክንፍ ዳዶ አለ፣ ማስተካከያው እሱ ነው። ፔዳሉ ላይ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ባዶ እንቅስቃሴ ተውለት። ያ ክፍተት ከሌለ ፍሪሲዮኑ ሳትረግጠውም በከፊል እንደተረገጠ ይቆያል፣ ሸራውም ይንሸራተታል።

ሬድዮውን በተመለከተ፣ በዚያ ዘመን ቮልሶች 6 ቮልት ነበሩ። የዛሬውን 12 ቮልት ሬድዮ በቀጥታ ብታገናኘው አይነሳም፤ ወደ 12 የሚያሳድግ ኮንቨርተር ያስፈልገዋል። ከዚያ በፊት ግን የኋላ መቀመጫውን አንሳ። ባትሪው እዚያ ሥር ነው። መክደኛው ከጠፋ፣ ከባድ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ስፕሪንግ የባትሪውን ጫፍ ነክቶ እሳት ያስነሳል። መጀመሪያ መክደኛ ግዛለት።