የወጣት ተጫዋች ዋጋ በነጥብ ብቻ ይለካልን?

ጥያቄ፦ እኔና ጓደኞቼ የአሜሪካውን የቅርጫት ኳስ ሊግ ኤንቢኤን በየዓመቱ እንከታተላለን። በመጀመሪያ የውድድር ዘመኑ በየጨዋታው 17 ነጥብ የሚያስቆጥር የ22 ዓመት ወጣትና 7 ነጥብ ብቻ የሚያስቆጥር የ19 ዓመት ወጣት ቢቀርቡ እኔ ያለ ጥርጥር የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ጓደኞቼ ግን አይስማሙም። የጀማሪ ተጫዋች ዋጋና የወደፊት ተስፋ በምን ሊመዘን ይገባል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ያነሱት ምሳሌ በእውን የደረሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ድራፍት (ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ሥነ ሥርዓት) የፊላደልፊያ ቡድን በ11ኛነት የመረጠው ማይክል ካርተር ዊሊያምስ በመጀመሪያው ጨዋታው የወቅቱን ሻምፒዮን ማያሚን ሲረቱ 22 ነጥብ አስቆጥሮ፣ 12 አሲስት (ወደ ነጥብ የተለወጠ ኳስ) አቀብሎና 9 ኳስ ነጥቆ ሁሉን አስደነቀ፤ ዘመኑንም በአማካይ 16.7 ነጥብ ፈጽሞ የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ተባለ። በዚያው ድራፍት ሚልዋኪ በ15ኛነት የወሰደው ያኒስ አንቴቶኩንፖ ግን 6.8 ነጥብ ብቻ ነበረው።

በእኔ እምነት ጓደኞችዎ ትክክል ናቸው፤ ምክንያቱም ነጥብ ሲቆጠር ነጥቡ ከየት እንደ መጣ አብሮ መጠየቅ አለበት። ፊላደልፊያ በዚያ ዓመት በሊጉ እጅግ ፈጣኑን ጨዋታ ይጫወት ስለነበር በእያንዳንዱ ጨዋታ የሚያገኘው የማጥቃት ዕድል ከሌሎች ይበልጥ ነበር፤ 19 ጊዜ አሸንፎ 63 ጊዜ የተሸነፈ ደካማ ቡድን በመሆኑም ኳሱ አብዛኛውን ጊዜ በካርተር ዊሊያምስ እጅ ይቆይ ነበር። ከወረወራቸው ኳሶች ያስገባው 40.5 በመቶውን፣ ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ ደግሞ 26.4 በመቶውን ብቻ ነው። ከርቀት የማያስገባን ኳስ አከፋፋይ ተከላካዮች ለቀውት ወደ ኋላ ስለሚያፈገፍጉ የጓደኞቹም መንገድ ይዘጋል፤ ይህ ጉዳት ደግሞ በነጥብ ሰንጠረዥ ላይ አይታይም።

ደካማ ቡድን ውስጥ መጫወት ብቻውን ፍርድ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት፤ ሚልዋኪ በዚያው ዓመት ያሸነፈው 15 ጊዜ ብቻ ነበርና። ልዩነቱ ያለው በዕድሜውና ተጫዋቹ በመጣበት ቦታ ላይ ነው። ያኒስ ከጥቂት ወራት በፊት በግሪክ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ይጫወት የነበረ፣ በድራፍቱ ቀን 18 ዓመት የሆነው፣ ቁመቱም ገና በመጨመር ላይ የነበረ ልጅ ነው። በ22 ዓመቱ ከኮሌጅ ቅርጫት ኳስ የመጣ ወጣት ያሳየውን ብቃት የዚህ ዓይነቱ ልጅ ካሳየው ጋር በእኩል መመዘን አይገባም። ሚዛኑ ግን ቀላል አይደለም፤ ያኒስ በመጀመሪያ ዓመቱ ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ 34.7 በመቶ ማስገባቱን ያየ መልማይ ወደፊት የርቀት ወርዋሪ ይሆናል ብሎ ሊያስብ ይችል ነበር፤ ታላቅ ያደረገው ግን የእጁ ርዝመት፣ የእርምጃው ስፋትና ወደ ቀለበቱ የመግባት ኃይሉ ነው።

የድራፍት ተራም ዋስትና አይሆንም። በዚያው ዓመት አንደኛ የተመረጠው አንቶኒ ቤኔት በኤንቢኤ የቆየው አራት የውድድር ዘመን ብቻ ነው።

ዋጋ ሲባል ውሉም ይታሰባል። በመጀመሪያው ዙር የተመረጠ ተጫዋች ደመወዝ በድራፍት ተራው የሚወሰን ሲሆን፣ የውሉን ሦስተኛና አራተኛ ዓመት የማጽደቅ መብት የቡድኑ ነው። ስለዚህ ቡድኑ ተጫዋቹ በርካሽ ውል ላይ እያለ ማቆየት ወይም ስሙ ከፍ ባለበት ጊዜ መለወጥ ይችላል። ፊላደልፊያ በየካቲት 2015 ሁለተኛውን መንገድ መርጦ ምርጥ ጀማሪውን ለወደፊት ድራፍት በመጀመሪያ ዙር የመምረጥ መብት ለወጠው፤ ውሳኔው ያኔ ብዙ ሰው ቢያስገርምም እኔ ትክክል ነበር እላለሁ። ካርተር ዊሊያምስ የሄደው ያኒስ ወዳለበት ሚልዋኪ ነበር። በ2016 መጸው ሚልዋኪ ለያኒስ የአራት ዓመት የ100 ሚሊዮን ዶላር ውል ሰጠው፤ ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ካርተር ዊሊያምስን ለቺካጎ አሳልፎ ሰጠ። ያኒስ በ2019 እና በ2020 የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ሆኖ ተመረጠ፤ በ2021 ሚልዋኪ ዋንጫውን ባነሳበት የመጨረሻ ጨዋታም ብቻውን 50 ነጥብ አስቆጠረ።