«ካንሰር አልታየም» የሚለውን ወረቀት እኔም አምኜ ነበር

እህቴ፣ እናትሽ ጠጣር ምግብ አልወርድ ብሏቸው በኢንዶስኮፒ፣ ማለት ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ የምግብ ቧንቧቸውን ታይተዋል። ባዮፕሲው፣ ማለት ተቆርጦ የተመረመረው ናሙና፣ ካንሰር አላሳየም። ሲጋራም መጠጥም አያውቁም። «ልረፍ ወይ?» ነው ጥያቄሽ። አትረፊ። ቁርጥ የአባቴ ታሪክ ነው።

1. አለማጨሳቸው አያዘናጋሽ። እኛን ያዘናጋን እሱ ነው። ከአርሲና ከባሌ ጀምሮ እስከ ኬንያና ማላዊ ድረስ፣ ሲጋራና አልኮል ያልቀመሱ ብዙ ሰዎች በዚህ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ይያዛሉ። ከ65 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሚያቃጥል መጠጥን የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2016 ካንሰር በማምጣት በብርቱ ከሚጠረጠሩት መድቦታል። አባቴ ትኩስ ነገር እንፋሎቱ እየወጣ ካልሆነ አይጠጣም ነበር። ይህን የጠየቀን ሐኪም ግን አልነበረም። «ጨጓራ ነው» ተብሎ አምስት ወር ኪኒን ዋጠ። በመጨረሻ ኪኒኑም አልወርድ አለ።

2. ናሙናው ስንት ቁራጭ እንደሆነና ከየት እንደተወሰደ ጠይቂ። የኛ አንድ ብቻ ነበር፣ ያውም ከቁስሉ መሃል። መሃሉ ብዙ ጊዜ የሞተ ሥጋ ነው። ውጤቱ «የሞተ ህዋስና ብግነት፣ ካንሰር አልታየም» ይላል። እኛ «አልታየም»ን «የለም» ብለን አነበብነው። ደስ ብሎን ሁለት ወር ተቀመጥን። እነዚያ ሁለት ወራት እስከ ዛሬ ያንገበግቡኛል።

የናሙናውን ዝርዝር ልጠይቅ ስሄድ መስኮቱ ላይ ያለችው ሴትዮ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። «ውጤት ወስደሃል አይደል? ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» አለችኝ። ሦስት ቀን ተመላለስኩ። በአራተኛው ቀን አለቃዋ ቢሮ ገብቼ ቅጂውን አስወጣሁ። ያን ቀን ባፍር ኖሮ አባቴ ዛሬ አይኖርም ነበር።

ቅጂውን ያየው ሌላ ሐኪም ወዲያው ኢንዶስኮፒው እንዲደገም አዘዘ። አሁን ከቁስሉ ጠርዝ ስምንት ቁራጭ ተወሰደ። ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ፣ ማለት ከቧንቧው ውስጠኛ ሽፋን ጠፍጣፋ ህዋሶች የሚነሳው ካንሰር፣ ሆኖ ተገኘ። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ህዋሶቹ መሃል ኬራቲን፣ ማለት የጥፍራችን ዓይነት ነገር፣ እንደ ዕንቁ ተጠቅልሎ ይገኛል አለን። እኛ ቃር ስለሌለው ካንሰር አይሆንም ብለን ነበር። ለካ ከረጅም ጊዜ ቃር ጋር የሚያያዘው ሌላኛው ዓይነት፣ አደኖካርሲኖማ ነው። እሱ የሚበዛው በቧንቧው ታችኛ ክፍል፣ ወደ ጨጓራው መግቢያ ነው። የአባቴ መሃል ላይ ነበር። ኬሞና ጨረር አብረው ተሰጡት። ዛሬ ቀስ እያለ ጠጣር ይበላል።

ስለዚህ ነገ ሂጂና የፓቶሎጂውን፣ ማለት የናሙናውን ምርመራ ውጤት፣ ሙሉ ቅጂ ተቀበይ። የቁራጮቹ ቁጥር ከስድስት በታች ከሆነ፣ ወይም «የሞተ ህዋስ» የሚል ካለ፣ ኢንዶስኮፒው ይደገምልን በይ። እናትሽ መዋጥ እስካቃታቸው ድረስ «ከወር በኋላ ተመለሱ» ቢሉሽ እሺ አትበይ።