አቧራው «አደጋ» ነው ወይስ «ጠንቅ»?

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር። ስለ ሠራተኞች ጤና ሪፖርት እጽፋለሁ። የበሽታው «ምክንያት»፣ «መንስኤ» ወይስ «ሰበብ» ልበል? «አደጋ» እና «ስጋት»ም ግራ ያጋቡኛል።

መልስ፦ «ሰበብ»ን ይተዉት። በዐረብኛ ምክንያት ማለት ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ወደ ማመካኛ ዞሯል። «የሕመሙ ሰበብ ብናኙ ነው» ብለው ቢጽፉ፣ ሠራተኛው ከሥራ ለመቅረት ያመካኘ ይመስልብዎታል።

«መንስኤ» ይሻላል። ሥሩ «ተነሣ» ከምንለው ጋር አንድ ነው፤ በሽታውን ያስነሣው ማለት ነው። «ምክንያት» ሰፋ ይላል። ሰው ጭምብል ያላደረገበትን ምክንያት እንጠይቃለን እንጂ መንስኤውን አንጠይቅም። ስለዚህ የሲሊካ (በድንጋይና በአሸዋ ውስጥ ያለ ማዕድን) ብናኝ ሲሊኮሲስ ለተባለው የሳንባ በሽታ መንስኤ ነው። የአየር መሳቢያው መበላሸት ደግሞ ብናኙ የበዛበት ምክንያት።

«በሥራ ምክንያት የመጣ» እና «ከሥራ ጋር የተያያዘ» የሚሉትንም አያምታቱ። ሲሊኮሲስ ያለ ብናኙ አይመጣም። የወገብ ሕመም ግን መነሻው ብዙ ነው፤ ሸክም ማንሳት አንዱ ብቻ ነው። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ በ1700 እ.ኤ.አ. ሐኪሞች ታማሚውን «ሥራህ ምንድን ነው?» ብለው እንዲጠይቁ መክሮ ነበር። እርስዎም «መንስኤ» ብለው ከመጻፍዎ በፊት የዚህ ጥያቄ መልስ እጅዎ ላይ ይኑር፤ ስንት ዓመት እንደሠራ ጭምር።

ወደ ከባዱ እንምጣ። «አደጋ» ለአማርኛ ጆሮ ድንገተኛ ነው። ሰው ከመሰላል ሲወድቅ አደጋ ደረሰበት እንላለን። በሽታ ግን «ያድራል»፤ «በሽታ አደረበት» የምንለው ለዚህ ነው። እንደ አስቤስቶስ (ለግንባታ ሲያገለግል የቆየ ቃጫማ ማዕድን) ይህን ግሥ የሚያስረዳ ነገር አላውቅም። ብናኙን የሳበ ሰው ካንሰሩ የሚታየው ብዙ ጊዜ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ይህን «አደጋ» ካልነው፣ «እስካሁን አንድም አደጋ አልደረሰም» ብሎ የሚከራከር አይጠፋም። እውነቱን ነው፤ አልደረሰም፣ እያደረ ነው።

እኔ የምመርጠው «ጠንቅ»ን ነው። «ለጤና ጠንቅ» ሲባል ማንም ይገባዋል። ጠንቁ ነገሩ ራሱ ነው፤ ስጋቱ ደግሞ ያ ነገር ሰውን የመጉዳቱ ዕድልና የጉዳቱ ክብደት። አሲድ ሁልጊዜም ጠንቅ ነው። ክዳኑ ተከድኖ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ስጋቱ ትንሽ ነው። ያለ ጓንት ሲቀዳ ግን ይጨምራል።

«ስጋት»ም ታዲያ ጣጣ አለው። ሰው ልብ ውስጥ ያለ ነገር ነውና፣ «የስጋት ግምገማ» ሲባል ሠራተኛው ምን ያህል ፈርቷል የሚል መጠይቅ ሊመስል ይችላል። መጀመሪያ ሳነበው እኔንም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ችግሩ፣ አቧራውን ለምዶ ምንም የማይሰጋው ሰው ብዙ የሚተነፍሰው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ርዕሱ ላይ «የስጋት ግምገማ» ቢሉም፣ ውስጡ «በዚህ ሥራ የመታመም ስጋቱ ምን ያህል ነው?» ብለው ይፍቱት።