ቅጠሉ እስከ ጉልበት፣ ራሱ እንደ አውራ ጣት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ጅማ ነው። ባለፈው ሰኔ ጓሮዬ ነጭ ሽንኩርት ተክዬ ነበር። የከብት ፍግ ከጎረቤት አምጥቼ እንደ ትኩስነቱ አለበስኩት። ቅጠሉ ጉልበቴ ደረሰ። ስነቅለው ግን ራሱ ከአውራ ጣቴ አይበልጥም፤ ግማሹም በስብሷል። ጥግ ላይ የጀመርኩት ኮምፖስት ደግሞ ይሸታል። አከራዬ «ይህን ነገር አንሺልኝ» ብለውኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ ከአከራይሽ እናስታርቅሽ። ኮምፖስት ከሸተተ ውሃ በዝቶበት አየር አጥቷል ማለት ነው። የእኛ ዝናብ ደግሞ ክዳን የሌለውን ክምር ጭቃ ነው የሚያደርገው። በአካፋ ገልብጪውና በየመሃሉ ደረቅ ነገር አስገቢ። በዚህ በኩል ጅማዎች ሀብታም ነን፤ የቡና ገለባ አለ፣ የደረቀ ኮባ አለ፣ ገራባ አለ። የቡና ገለባ ብቻውን ቶሎ አይበሰብስም፤ ከፍግና ከእርጥብ ቅጠል ጋር ቀላቅዪው። ገራባውን በገጀራ ከትፈሽ ጨምሪ። የሰፈሩ ቃሚ ለአንድ ነገር እንኳ ይጥቀም እንጂ! ከላይ በጆንያ ሸፍኚው።

እኔ ክምሬ መሃል ዱላ እሰካለሁ። በሳምንቱ መዝዤ በእጄ እይዘዋለሁ። ሞቅ ብሎ ወዛም ከሆነ ሥራው እየሄደ ነው። ቀዝቃዛና ደረቅ ከሆነ ውሃ ጠምቶታል። ከቀዘቀዘና ከሸተተ ያው መገልበጥ ነው። ክምሩ በየጎኑ 1 ሜትር ካልሞላ ብዙም አይሞቅም። በየሦስት ሳምንቱ ከገለበጥሽው ከ3 እስከ 4 ወር ውስጥ ይጠቁራል፤ ሽታውም የዝናብ አፈር ይሆናል።

ሽንኩርቱን የጎዳው ሰኔና ጥሬው ፍግ ነው። ነጭ ሽንኩርት እግሩ ውሃ ውስጥ ሲቆም ይበሰብሳል። ጥሬ ፍግ ደግሞ ቅጠል ያበዛል እንጂ ራስ አያስይዝም። በጥቅምት መጨረሻ ዝናቡ ሲያባራ ትከዪ፤ የህዳርና የታህሳስ ሌሊት ብርድ ይስማማዋል። መደቡን አንድ ስንዝር ከፍ አድርገሽ የበሰለ ኮምፖስት ቀላቅዪበት። ትልልቁን ፍልቃቂ ለዘር፣ ትንንሹን ለወጥ። ሹሉን ወደ ላይ አድርገሽ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ቅበሪው፤ በመካከላቸው 10 ሴንቲ ሜትር ተዪ። የታችኛው ቅጠል ቢጫ ሲሆን ውሃውን አቁሚ፤ ከ2 ወይም 3 ሳምንት በኋላ ንቀዪው።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። የበሰበሰው ሥሩ ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ሻጋታ፣ ከጤፍ ያነሰ ጥቁር ነጠብጣብም ነበረበት? ከነበረበት ኮምፖስት ውስጥ እንዳትከቺው፤ አቃጥዪው። በሽታው አፈር ውስጥ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። በሚቀጥለውም ሌላ ቦታ ትከዪ። እኔ የዛሬ 9 ዓመት ርካሽ አገኘሁ ብዬ ከገበያ የገዛሁትን ዘር ሳላገላብጥ ተክዬ መደቡ እንዳለ አለቀ። እስከ ዛሬ ጎመን ብቻ ነው የምተክልበት። ባለቤቴ ጎመን ልትቀጥፍ ስትሄድ «መቃብሩ ጋ ነኝ» ትለኛለች።