«ዝንባሌ» ከዝናብ ይወለዳልን?

ጥያቄ፦ «ዝንባሌ» የሚለው ቃል «ዘነበ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው ሲባል ሰማሁ። እውነት ነውን? ከ«አዝማሚያ»ስ በምን ይለያል?

መልስ፦ ከዝናብ ጋር ዝምድና የለውም። «ዘነበ» ባለሦስት ፊደል ግሥ ሲሆን፣ በ«ዝንባሌ» ውስጥ ያለው «ል» ግን ቅጥያ ሳይሆን የሥሩ አካል መሆኑን «አዘነበለ»፣ «ያዘነብላል»፣ «ዘንበል አለ» ከሚሉት መረዳት ይቻላል። ስሙ ከግሡ የወጣበት መንገድም የተለመደ ነው፤ ከ«ደነገጠ» «ድንጋጤ»፣ ከ«ደነገገ» «ድንጋጌ» እንደምንለው ማለት ነው። ምናልባት ሰዎችን ያሳሳታቸው ጀበናው ዘንበል ሲል ቡናው መውረዱ ይሆናል። «ዝምባሌ» ብለው የሚጽፉም አሉ፤ «ን» ከ«በ» ቤት ፊደል ፊት ሲውል በአነጋገር ወደ «ም» ስለሚለወጥ ነው፤ ይሁንና «ወምበር» ሳይሆን «ወንበር» ብለን ከጻፍን ይህንንም በ«ን» መጻፉ ይሻላል።

«አዝማሚያ» ደግሞ ከ«ዘመመ» የመጣ ነው። የጭቃ ቤት ማገሩን ምስጥ ሲበላው፣ ማንም ሳይገፋው፣ ከክረምት ክረምት ወደ አንድ ጎኑ እያጋደለ ይሄድና «ቤቱ ዘመመ» ይባላል። ጀበናን ግን ዘንበል የሚያደርገው የሰው እጅ ነው፤ እጁም መልሶ ያቀናዋል። የሁለቱ ቃላት ረቂቅ ትርጉም የተለያየው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ዝንባሌ ከሰው ልብ የሚነሣ ነው፦ ልጁ ለሥዕል ዝንባሌ አለው፣ ዳኛው ወደ ምሕረት ያዘነብላል። አዝማሚያ ግን የነገሩ አካሄድ ነው፤ ከውጭ ሆኖ የሚያይ ሰው ይገምተዋል፦ የዋጋው አዝማሚያ፣ የሕመሙ አዝማሚያ። ስለዚህ ደመናው «የመዝነብ አዝማሚያ ይታይበታል» እንጂ «የመዝነብ ዝንባሌ አለው» አይባልም፤ ደመና ፈቃድ የለውምና።

ድንበሩ ሁልጊዜ አይጠበቅም። ሰው ባርኔጣውን ዘንበልም ዘመምም አድርጎ ይደፋል፤ በፖለቲካ አነጋገርም «ግራ ዘመም»፣ «ቀኝ ዘመም» የምንላቸው ወገኖች አቋማቸውን ዐውቀው የያዙ ናቸው። «ግራ ዘመም ዝንባሌ ያለው ጋዜጣ» የሚለውን ሐረግ ግን እኔ ብሆን ከሁለቱ አንዱን እሠርዛለሁ፤ ጋዜጣውን ሁለት ጊዜ ማጋደል ነውና።