ሥራ ቀይራችሁ መምህር ለመሆን ላሰባችሁ

ልጆች፣ በሌላ ሙያ የአገር ቤት ዲግሪ ይዛችሁ ቨርጂንያ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ መምህርነት ፈቃድ ለማውጣት ካሰባችሁ፣ ለኮሌጅ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ወረቀታችሁን ጨርሱ። ቴምፖና ስቱደንት ኮፒ አያሠራም። ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱ ከሬጅስትራር በታሸገ ፖስታ በቀጥታ የውጭ ዲግሪን በአሜሪካ ደረጃ ወደሚተምነው ገምጋሚ ድርጅት መሄድ አለበት። ኮስት ሼሪንግ ካለባችሁ ወኪላችሁ መጀመሪያ እሱን ይክፈል። ግምገማውን ስታዝዙ በየኮርሱ የሚዘረዝረውን ምረጡ። ርካሹ ዲግሪውን ብቻ ስለሚተምን የትኛው ኮርስ እንደጎደላችሁ አያሳይም፤ ዞሮ ዞሮ ሁለተኛ ያስከፍላችኋል።

ለፈቃዱ የሚጠየቀው የመምህርነት ፈተና፣ ፕራክሲስ፣ አራት ክፍል አለው፦ ንባብና ቋንቋ፣ ሂሳብ፣ ማኅበራዊ ትምህርት፣ ሳይንስ። በአንዱ የወደቀ ያንኑ ብቻ ከ28 ቀን በኋላ ይደግማል። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻው ያልሆነ ሰው የ50 በመቶ ተጨማሪ ሰዓት መጠየቅ ይችላል። ጥያቄው ግን የፈተና ቀን ከመያዙ በፊት መጽደቅ አለበት፤ ብዙው ሰው ይህን የሚሰማው ቀን ከያዘ በኋላ ነው።

ሂሳቡ አያስፈራም። የእኛን ሰው የሚጥለው የንባብ ክፍል ነው፤ የሚጠይቀው እንግሊዝኛ መቻላችሁን ሳይሆን ሕፃን ማንበብ እንዴት እንደሚጀምር ነው። «ሺፕ» የሚለውን ቃል እዩ። በእንግሊዝኛ በአራት ፊደል ይጻፋል፣ ድምፁ ግን ሦስት ነው፤ በእኛ ፊደል ደግሞ ሁለት ይበቃዋል። በሀሁ ያደገ ሰው ተነባቢውንና አናባቢውን አጣምሮ ስለለመደ ድምፅ ቁጠር ሲባል ሁለት ይላል፣ ወይም በጽሕፈቱ ተታሎ አራት። ሰዋስው ማጥናት እዚህ ላይ ምንም አይፈይድም። የመዋዕለ ሕፃናት መጻሕፍት ጮክ ብላችሁ እያነበባችሁ ድምፆቹን በጣታችሁ ነጣጥሉ። ቨርጂንያ ንባብ ማስተማርን ለብቻው ስለምትፈትን ልፋቱ ሁለት ጊዜ ይከፍላችኋል።

ፈተና ሳይጠናቀቅም ቀጣሪው የትምህርት ቤቶች ዲስትሪክት ጊዜያዊ ፈቃድ ሊጠይቅላችሁ ይችላል፤ መጀመሪያ ሲሰጥ ከ3 ዓመት አያልፍም። ረጅም ይመስላል። የመጀመሪያውን ዓመት ግን ክፍል ጸጥ ማሰኘትና ለወላጅ መልስ መስጠት ይበላዋል፣ ስለዚህ ቢያንስ ፕራክሲስን አስቀድማችሁ ተገላገሉ። ለፈቃዱ የሚጠየቀውን የልብና የትንፋሽ መታደጊያ (ሲፒአር) ሥልጠናም በአካል ውሰዱ፤ በኢንተርኔት ብቻ የተወሰደ አይያዝላችሁም።

መምህር ለመሆን ለሚማሩ በዓመት እስከ 4,000 ዶላር የሚሰጠውን የፌዴራል መንግሥት ድጎማ፣ ቲች ግራንትን፣ ከመፈረማችሁ በፊት ውሉን አንብቡ። በ8 ዓመት ውስጥ 4 ዓመት፣ መምህር በጠፋበት የትምህርት ዘርፍ፣ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች በሚበዙበት ትምህርት ቤት ካላስተማራችሁ ገንዘቡ ወደ ብድር ይቀየራል፤ ወለዱም ገንዘቡ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ይታሰባል። ተራ የአንደኛ ደረጃ መምህርነት በየቦታው በዚያ ዘርፍ አይቆጠርም፤ እንግሊዝኛን ለስደተኛ ልጆች ማስተማር ግን ይቆጠራል።